ኪስና ቀበቶ

«ላንድ ሰው አንድ ነው» አለኝ ሳጅን ሞገስ፣
«አንዱን ታስመዘግቢ፣ ሌላው እዚህ ይድረስ፤
ቀኑም እስከ ዓርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም።»
ዓሣ ነጋዴ ነኝ፤ ሳልመዝን አልገዛም።

ስለዚህ ማታውን፣ መጋዘኑን ዘግቼ፣
በረዶ ሳጥኑ ላይ ሁለቱን ዘርግቼ፣
ከውጪ፣ ከደንገሉ፣ ጉማሬ ሲተነፍስ፣
የቆሮሶ ሚዛኔን አመጣሁ ከጓዳ።
ትልቁ ኪሎ አለፈ።
ትንሹ ሩብ ጎደለው፤ ያ ሩቡ ነው ዕዳ።

ትልቁ ስታር ነው፤ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል፣
ጥቁሩ ተልጦ ብረቱ ነጭ ወጥቷል፤
እጀታው ዋንዛ ነው፤ የፊተኛው ቢሰበር
ቢያድግልኝ ቀጥቃጩ ከመቅዘፊያ ስባሪ ጠርቦለት ነበር።
አባቴ ባሻ አንለይ፣ ጀልባ ዘዋሪ ሳለ፣
በዚህ ብረት ክብደት ወደ ቀኝ አዘነበለ፤
ሱሪው ባንድ በኩል ሁልጊዜ ዝቅ ያለ።
ጎርጎራ ሲደርስም፣ ወደቡ ላይ ያሉ
ከፊቱ አስቀድመው ወገቡን አይተው ነው «ባሻ መጣ» የሚሉ።
ወንበር ላይ ሲቀመጥ ብረቱ ኳ ይላል፤
ለሽምግልና ሲጠሩት ፈትቶት ይሄዳል፤
ሊደብቀው ቢያስብስ የት ይደብቀዋል?

ትንሹ ማካሮቭ ነው። ውብ ነው፣ አልክድም፤
በመዳፌ ልክ ነው፣ ለክንዴ አይከብድም፤
ቢያንስም ብረት ነው፣ ካናቱ እስከ ጫማው፣
ቅዝቃዜውም ቢሆን ጣቴን የሚስማማው።
ዕቃ አዋቂ ነኝ ባይ፣ ጎረቤቴ ስማቸው፣
«ትንሹን ያዢ» ይላል፤ «እሱ ነው ለሴት የሚመቸው፤
ብር ይዘሽ ስትመጪ ሲመሽ ከወደብ፣
ከነጠላሽ ሥር ነው፤ ማን አለ የሚያስብ?»
ቢያድግልኝም ያው ነው፦ «ስታሩ ሞላው ላልቷል፣
ጥይቱ እንደ ልብ የለም፤ ቢገኝም ይወደዳል፤
ማካሮቭ ግን አሸዋ ቢበላ፣ ውኃ ቢጠጣ፣
አንድም ቀን አይነክስም፤ ሲጠሩት ነው የሚመጣ።»

እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው፣ ሲጠሩት መምጣቱ፤
ማንም ይጥራው ማን፣ በየትኛው ሰዓቱ።

ወንድሜ አላምረው፣ ሽምብጥ፣ ግሮሰሪ፣
ከጓደኛው ጋር ነው፣ ስለ ድራፍት ቀሪ፤
ሠላሳ ብር መሰለኝ፣ ወይ ሠላሳ አምስት፤
አንድ ቃል፣ ሌላ ቃል፣ ከዚያ ስድብ በእናት።
እጁን ኪሱ ሲከት፣ ክብሪት ሊያወጣ መስሏቸው
ሲጋራ የዘረጉለት አሉ፤ እጃቸው ላይ ቀረባቸው።
ማታውን ሙሉ ከኪሱ መኖሩን ረስቶ፣
አስታወሰው ደሙ ፈልቶ።

ትልቁ ቢሆንስ? ኮት ይገለጣል፣
ወንበር ይንሸራተታል፣ ብረት ከእንጨት ይጋጫል፣
አንዱ ክንዱን ይይዛል፣ አንዱ «ተው» ይላል፤
«ተው» ለማለት እኮ ሩብ ኪሎ ይበቃል።

ጓደኛው አልሞተም። ሽማግሌ ገባ፣ ካሣ ተቆረጠ፤
አባቴም ያን ብረት ከሳጥን ግርጌ ቀበረው፣ ቃሉንም ዋጠ።
ሰውየው እስከ ዛሬ እያነከሰ ዓሣ ሊገዛ ይመጣል፤
ሳልነግረው፣ ሳይጠይቀኝ፣ ሩብ ኪሎ ይጨመርለታል።

ዓርብ ጠዋት ያባቴን ቀበቶ ታጠቅሁ፤
ቀሚሴ ተጎትቶ፣ ባንድ ጎን አዘንብዬ፣ የሐይቁን ዳር ይዤ ወጣሁ።
ከጣቢያው በር ገና ሳልደርስ፣ ዘበኛው ከሩቅ አይቶኝ
«እትዬ ትሁን፣ ፍቺው!» አለኝ።
ደስ አለኝ።

ትንሹን በፌስታል ነው ያስረከብኩት። ሳጅን ሞገስ አገላበጠው፤
«ጥሩ ዕቃ ነበር» አለ፤ ቁጥሩን ጻፈው።
ካዝናው ተቆልፎ ኖሮ፣ ቁልፍ ያዡ እስኪመጣ፣
ለጊዜው ኪሱ ከተተውና ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

በዘንባባው ጥላ ቀስ እያለ ይሄዳል።
ኪሱን አየሁት።
ኪስ ይመስላል።